ከኮክ ዛፉ ሥር

ሰኔ 9 ቀን 2017

አርባ አንድ ዛሬም ገደለች። ይኸው ሁለተኛ ጊዜዋ ነው።

አብረዋት በአሜባ ላይ የሞከርኳቸው ሌሎቹ የአፈር ባክቴሪያዎች ምንም አላደረጉም፤ አሜባዎቹ እንደ ልባቸው ሲርመሰመሱ ነው ያደሩት። አርባ አንድ ያለችበት ቱቦ ውስጥ ግን በአርባ ስምንት ሰዓት ሁሉም ድቡልቡል ብለው ቆመዋል። ቀለም ስጨምርባቸው ሰማያዊ ሆኑ። ሰማያዊ የሚሆነው የሞተው ብቻ ነው። ለማነጻጸር የጨመርኳቸው የሰው ሴሎች ደግሞ ደህና ናቸው፤ ሰው አትጎዳም ማለት ነው። አላምን ብዬ ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ።

ለማን እንደምናገር አሰብኩ። ስልኬን አውጥቼ ስሞቹን ወደ ላይ ወደ ታች ሳመላልስ ቆየሁና መልሼ ኪሴ ከተትኩት። በመጨረሻ ለጋሽ ቦጂያ ነገርኳቸው። ደብተሩ አዲስ ስለሆነ ላስተዋውቀው፤ ጋሽ ቦጂያ የላብራቶሪያችን ቴክኒሺያን ናቸው፣ ጡረታ ወጥተው በኮንትራት የቀጠሉ። አርባ አንድ የበቀለችበትን ሳህን፣ የፕሌቱን፣ ክዳን ገለጥ አድርገው አሸተቱ። ክልክል ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሲያሸቱ የከለከላቸው ግን የለም።

«የመጀመሪያ ዝናብ የነካው አፈር» አሉ። «የሌሎቹም ይሸታል፣ የእሷ ግን ትንሽ ጣፈጥ ይላል። ከየት አመጣሻት?»

«ከዚሁ ከልደታ» አልኳቸው።

ሦስተኛ ጊዜ ከደገመች ዶክተር ነስሪን፣ የክፍላችን ኃላፊ፣ ውጤቱን ለገምጋሚዎቹ ትልከዋለች። ሦስት ጊዜ ያልደገመ ነገር እንዳልተሠራ ነው የሚቆጠረው።


ሰኔ 13

ሩጫ። በጀት ሊዘጋ ነው። ነስሪን ፍሪዘሩ ይጽዳ ብላለች፤ ከአምስት ዓመት በላይ የቆየ ሁሉ ይወገድ። ጋሽ ቦጂያ ዝርዝር ይዘው መጡ። እኔ ማይክሮስኮፕ ላይ ነበርኩ፤ ቆጠራ መሀል አንገቴን ቀና ካደረግኩ እንደገና ከዜሮ ነው። የሆነ ነገር ጠየቁኝ። ፈርሜ ሰጠኋቸው።

ሊፍቱ ዛሬም አይሠራም። አራተኛ ፎቅ በእግር።


ሰኔ 21

ሥራዬን የነገርኩት ሰው ሁሉ የሚለኝ አንድ ነው። ዛሬ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ነበረች።

«አሜባ? ውይ፣ እኔም እኮ አለብኝ! ምን ይሻለኛል?»

እዚህ ከተማ አሜባ የሌለበት ሰው አላጋጠመኝም። እንደ ዘመድ ነው የሚያወሩት፤ ደግሞ መጣ፣ ደግሞ ተነሳብኝ፣ ክረምት ሲገባ ይብስበታል። ሦስት ቀን ፍላጅል ይውጡና ሲሻላቸው ያቆማሉ። መድኃኒቱ የሚንቀሳቀሰውን ይገድላል እንጂ ዛጎል ለብሶ የተኛውን አይነካውም። ከአሜባዎቹ አንጀት በስተው ወደ ጉበት የሚሄዱት ጥቂት ናቸው። ጥቂት ናቸው ስንል ግን ስለ ቁጥር ነው የምናወራው፣ ስለ ሰው አይደለም።

ማታ በር ተንኳኳ። እትዬ ኡሙልኸይር ናቸው፣ በኮቴያቸው አውቃቸዋለሁ። የድሮ ሰፈራችን ጎረቤት ነበሩ። ሰፈሩ ሲፈርስ የኮንዶሚኒየም ዕጣው እዚሁ እኔ ያለሁበት ብሎክ፣ ሁለተኛ ፎቅ ጣላቸው። «ወይንዬ፣ አለሽ?» አሉ። መብራቱን አጥፍቼ ነበርና ዝም አልኩ። ደክሞኝ ነበር።


ሐምሌ 1

የወሩ ልደታ። ከንጋት ጀምሮ ድምፅ ማጉያው፣ ጧፍ ሻጮቹ፣ ዣንጥላው፣ ጭቃው። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ወደ ሥራ ሳልፍ አንድም የማውቀው ሰው አላየሁም። ሰፈሩ ሳይፈርስ በፊት በዚህ መንገድ ለመሄድ ሰላምታው ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጅ ነበር። ያኔ ያማርረኝ ነበር።

የአርባ አንድን ፕሌት ሻጋታ በላው። ሰሞኑን መብራት ሲመላለስ ማሞቂያ ሣጥኑ፣ ኢንኩቤተሩ፣ ተበላሽቶ ነው። አልደነገጥኩም። ፍሪዘር ውስጥ አለች።


ሐምሌ 3

የለችም።


ሐምሌ 3፣ ማታ

ሣጥኑን ሦስቴ አወጣሁት፣ ሦስቴ መለስኩት። ጣቶቼ እስኪደነዝዙ። ሁለቱም ቱቦዎች የሉም። ሁለት ቱቦ የሚቀመጠው በሁለት የተለያየ ፍሪዘር ነው፤ ለሠልጣኞች የማስተምረው እኔው ነኝ። የራሴን ግን ሁለቱንም አንድ ሣጥን ውስጥ ነበር ያስቀመጥኩት፣ የተረፈውን አፈር ጭምር።

ጋሽ ቦጂያ መዝገቡን ገልጠው አሳዩኝ። ሰኔ 14 ከአሮጌዎቹ ጋር ወጥታ በእንፋሎት ተቀቅላ ተጥላለች። ቱቦው ላይ የተጻፈው «2016» ነው።

በላብራቶሪያችን ቀን የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሁሉም ቱቦ እንደዚያ ነው። በፈረንጅ 2016 ማለት ዘጠኝ ዓመት ያለፈው ነው፤ ይወገዳል። አርባ አንድ ግን በእኛው ሚያዝያ 2016 የተወሰደች ናት፣ ገና ዓመት ከምናምኗ። ዓመተ ምሕረቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን የፈረንጁ ቀን በአእምሮዬ አልነበረም።

ቢሆንስ፣ ሰው አይጠይቅም?


ሐምሌ 4

ነስሪን ቢሮ ተጠራን፣ እኔና ጋሽ ቦጂያ። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ ቀጥ አድርጋ አስተካከለችና፣

«ቱቦዎቹ ከመጣላቸው በፊት ዝርዝሩን አይተሽዋል?» አለችኝ።

«አላየሁትም» አልኩ።

እውነቴን ነው። አላየሁትም።

«ጋሽ ቦጂያስ? አሳይተዋት ነበር?»

ጋሽ ቦጂያ እጃቸውን አዩ። ጥፍራቸው ሁልጊዜ በቀለም ሰማያዊ ነው። «ሥራ በዝቶባት ነበር» አሉ። ነስሪን ጠበቀቻቸው፣ አልጨመሩም።

በኮሪደሩ ስንሄድ ምነው አልተናገሩም ብዬ ልጠይቃቸው አሰብኩ። ምኑን? እሳቸው ወደ ግራ ታጠፉ፣ እኔ ወደ ቀኝ።


ሐምሌ 9

የጋሽ ቦጂያ ኮንትራት እስኪወሰን ቤታቸው እንዲቆዩ ተባለ። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ለአዲስ ዓመት ነው። ሎከራቸውን ባዶ ሲያደርጉ ጋዋናቸውን አጣጥፈው፣ የሻይ ኩባያቸውንና ትንሿን ሬዲዮ በፌስታል ያዙ። ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጡት።

«ኢንኩቤተሩ በሩ ይላላል፣ በጉልበትሽ ግፊው» አሉኝ።

«እሺ ጋሼ» አልኩ።


ሐምሌ 15

ዝናብ፣ መብራት የለም፣ እንቅልፍም የለም። ስለዚህ ልጻፈው።

ከሥራ ስወጣ ወደ ድሮ ግቢያችን ሄድኩ። ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ነው፣ ከዚህ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ዓመት ሙሉ በሌላ መንገድ ነበር የምዞረው። በቆርቆሮ ታጥሯል። ጥበቃውን ለምኜ አንገቴን አስገባሁ። ጉድጓድ ነው። ሦስት ፎቅ ወደ ታች ተቆፍሮ ሥሩ ኮንክሪት ተሞልቷል።

«አፈሩ የት ሄደ?» አልኩት።

«የቱ አፈር?»

«ከዚህ የወጣው።»

«እህቴ፣ አፈሩ በሲኖትራክ ተጭኖ ከሄደ ስንት ወሩ! ዕቃ ጠፍቶሽ ነው?»

ሰዎቹ ሊያፈርሱ የመጡት በሚያዝያ ነበር፣ አባዬ ከሞተ በሦስተኛ ወሩ። ግሬደሩ አጥሩን ሲገፋ እኔ ኮክ ዛፉ ሥር ተንበርክኬ በማንኪያ ፌስታል ውስጥ አፈር እጨምር ነበር። ከሠራተኞቹ አንዱ ምን እያደረግሽ ነው ሲለኝ «ለጥናት ነው» አልኩት። ከዚያም በእርግጥ ለጥናት አደረግኩት። ቢሮ ወስጄ ቁጥር ሰጠሁት፣ አርባ አንድ ብዬ። ከውስጡ ያወጣኋት ባክቴሪያም በዚያው ቁጥር ቀረች። ቁጥር ከተሰጠው ማንም አይጠይቅም።

ኮኩ ጥሩ ፍሬ አልነበረውም። አባዬ ግን እጁን የታጠበበትን ውኃ እንኳ ሌላ ቦታ አይደፋም ነበር።


ሐምሌ 24

አርባ አንድን ፍለጋ ከሰባት ዛፎች ሥር አፈር ወሰድኩ፤ ከሰንጋ ተራ እስከ ተክለ ሃይማኖት። ከድሮ ሰፈራችን የተረፈች አንዲት ጽድም አለች። ሁሉም ዜሮ። አሜባዎቹ ይጨፍራሉ።


ነሐሴ 2

ፍልሰታ ገባ። ምሳ ሰዓት ቢሮው ጭር ይላል። እኔ ግማሹን እጾማለሁ፣ ግማሹን እረሳለሁ።

የማስወገጃውን ፋይል ከመደርደሪያ አወረድኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። የሰኔ 13ቱ ዝርዝር ሁለት ገጽ ነው። በሁለተኛው ገጽ፣ ከታች፣ ፊርማዬ። የተለመደው ፊርማዬ፣ ጅራቱ ረጅም። አሥራ ሰባተኛው ረድፍ ላይ «አፈር፣ ልደታ፣ 41፣ 2016» ይላል። ከጎኑ በእርሳስ ጥያቄ ምልክት አለ። የጋሽ ቦጂያ እጅ ነው። አድምቀው ነው ያደረጉት።

ወረቀቱ አሁን ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ልደብቀው አይደለም። በደንብ ላየው ነው።


ነሐሴ 5

ማንም ወረቀቱን አልጠየቀኝም። ጋሽ ቦጂያ ይህ ወረቀት እንዳለ ያውቃሉ። በእጃቸው ነው ፋይል ያደረጉት። አንድ ቃል ቢተነፍሱ በቂ ነበር።

በእሳቸው መናደድ ሞከርኩ። አልቻልኩም።


ነሐሴ 11

ውኃ ጠፍቶ ሁሉም ከታች በጄሪካን ያመላልሳል። ስወጣ ደረጃው ላይ እትዬ ኡሙልኸይር ጄሪካናቸውን አስቀምጠው ትንፋሽ ይሰበስባሉ። የማመልጥበት አልነበረም። ተሸክሜ ቤታቸው አደረስኩላቸው።

«ግቢ እንጂ! እንደ እንግዳ በር ላይ ትቆሚያለሽ? ወላሂ አልለቅሽም።»

ገባሁ። ቅንጬ አቀረቡልኝ፣ «ዘይት ነው፣ ቅቤ አልነካሁትም» ብለው። ጾም መሆኑን ከእኔ በተሻለ ያውቃሉ። ስበላ በረንዳው ላይ ጤና አዳም አየሁ። በትልቅ የዱቄት ወተት ጣሳ የተተከለ፣ የተንዠረገገ።

«የአባትሽ ናት» አሉ ዓይኔን አይተው። «ግሬደሩ የመጣ ዕለት ከኮኩ ሥር ከነአፈሯ ነቅዬ ወሰድኳት። ልሰጥሽ ስንት ጊዜ በርሽን አንኳኳሁ።»

ማንኪያውን አስቀመጥኩ። ከነአፈሯ።

ስለ አርባ አንድ ነገርኳቸው። እንዴት እንደሚሉት ሳላውቅ ሁሉንም፣ ቱቦውን፣ ዓመተ ምሕረቱን። ስለ ጋሽ ቦጂያ ግን አልነገርኳቸውም። «ለአሜባ ነው?» አሉ። ከዚያ ተነስተው ጣሳውን ራሳቸው አመጡና ፊቴ አስቀመጡት።

ያን ጊዜ ነው የወጣልኝ። «እትዬ፣ እኔ እኮ ጨጓራ ነው ያልኩት።»

«አውቃለሁ። ስልኩን የደወልኩት እኔ አይደለሁ?»

አባዬ የታመመ ማታ እንዲህ ነበር፤ እትዬ ደወሉልኝ። ጎኑን ያመዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ትከሻዬ ድረስ ይወጋኛል ይላል አሉኝ። አሜባ ጉበት ሲገባ እንደዚያ ያደርጋል፤ ተማሪዎችን ስፈትን የምጠይቀው ጥያቄ ነው። እኔ ፕሌት እያነበብኩ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ «ጨጓራው ይሆናል፣ ወተት ይጠጣ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ» አልኩ። ቅዳሜ ሲደርስ እሱ ሆስፒታል ነበር፣ ጉበቱ ውስጥ የቋጠረው መግል ፈንድቶ። ከዚያም በሕይወት አልወጣም።

«ስልኩን ከዘጋን በኋላ ምን አለ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ዓመት ከመንፈቅ የሸሸሁት ይህንን ጥያቄ ነው።

እትዬ ኡሙልኸይር አልዋሹኝም። «ሐኪም ቤት እንሂድ አልኩት። ‹ልጄ ጨጓራ ነው ካለች ጨጓራ ነው፣ እሷ ታውቃለች› አለኝ። ተኛ።»

አለቀስኩ። እሳቸው እንዳታለቅሺ አላሉኝም፤ አጠገቤ ቁጭ ብለው ነጠላቸውን አቀበሉኝ። ከጣሳው አንድ የሻይ ማንኪያ አፈር ወሰድኩ። ጤና አዳሟን ውሰጃት ቢሉኝ እዚሁ ትሁን አልኳቸው።


ነሐሴ 20

አፈሩን አደረቅኩ፣ በጥብጬ አቅጥኜ ፕሌት ላይ ዘራሁ። ዱቄት የተነፋባቸው የሚመስሉ ግራጫ ነጠብጣቦች ወጡ። ሃምሳ ሁለት ናቸው። አርባ አንድ ከመካከላቸው ልትኖር ትችላለች፣ ላትኖርም ትችላለች። በዓይን አይለዩም።

ሰው እንዳያየኝ በሩን ዘግቼ አንድ በአንድ አሸተትኩ። ለእኔ ሁሉም ዝናብ ዝናብ ይላሉ።

ጋሽ ቦጂያ ቢኖሩ በአንድ ቀን ይለዩልኝ ነበር። ቁጥራቸውን አወጣሁ። ምን ብዬ ነው የምደውለው? ከሥራ አስወጣሁዎት፣ እስቲ መጥተው ያሽትቱልኝ?

ሁሉንም እሞክራለሁ። አሥራ ሦስት አሥራ ሦስት እያደረግኩ፣ አራት ዙር።


ነሐሴ 27

አንደኛው ዙር፣ የለም። ሁለተኛው፣ የለም። የኢንኩቤተሩን በር በጉልበቴ እገፋለሁ።


ጳጉሜን 1

ሦስተኛውም ባዶ። ነስሪን ከኋላዬ መጥታ በማይክሮስኮፑ አየች።

«ወይንሀረግ፣ አንዳንዱ ነገር አንዴ ከሄደ ሄደ ነው» አለችኝ። ደግ ልትሆንልኝ ነው። «ኮሚቴው ረቡዕ ነው። በጋሽ ቦጂያ ጉዳይ ከአንቺ ሁለት መስመር ይፈልጋሉ። ‹ሳያማክሩኝ ነው የጣሉት› የሚለውን ብቻ።»

እሺ አልኳት? ራሴን የነቀነቅኩ ይመስለኛል።


ጳጉሜን 3

የመጨረሻዎቹ አሥራ ሦስት ትናንት ጠዋት ገብተዋል። ነገ በሦስት ሰዓት ይታያሉ።

ሁለት መስመሩን ለመጻፍ ተቀመጥኩ። «ሳያማክሩኝ» ብዬ ጻፍኩ። ቃሉን ሳየው የሰኔ 13ቱ ጥያቄ ትዝ አለኝ። እንዳልሰማ ሰው «የሆነ ነገር ጠየቁኝ» ብዬ ነበር የጻፍኩት፤ ወደ ኋላ ገልጬ አየሁት። ውሸት ነው። ሰምቻለሁ። ጋሽ ቦጂያ ጎንበስ ብለው «ወይንሀረግ፣ ይቺ የልደታዋ የማን ናት? አሮጌ አትመስለኝም» ነበር ያሉት። «ቀኑ ካለፈ ይውጣ ጋሼ» አልኳቸው። ቀና ሳልል። ስልኩን በትከሻዬ እንደያዝኩት ማለት ነው።

በልቤ አንድ ሐሳብ ይመላለስ ነበር፤ ነገ አርባ አንድ ከተገኘች እናገራለሁ፣ ከተገኘች ማንም አይቆጣም የሚል። ካልተገኘችስ? ጋሽ ቦጂያ በፕሌት ዕድል ሊፈረድባቸው ነው?

ወረቀቱን ቀደድኩትና አዲስ ጀመርኩ። አንድ ገጽ ሞላ።


ጳጉሜን 4

በሁለት ሰዓት ነስሪን ቢሮ ገባሁ፣ ማይክሮስኮፑ ጋ ሳልደርስ። ደብዳቤውንና የተፈረመውን ዝርዝር ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩ። ሁለቴ አነበበችው። ጥያቄ ምልክቱ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«‹አላየሁትም› ብለሽኝ ነበር።»

«አላየሁትም ነበር። ፈርሜዋለሁ ግን። ጠይቀውኛል፣ መልሻለሁም።»

«ሁለት ወር ሙሉ?»

ጋሽ ቦጂያ እንደሚመለሱ፣ የእኔን ጉዳይ ግን ኮሚቴው እንደሚያየው፣ ምርምሩን ከአዲስ ዓመት ጀምሮ ሌላ ሰው እንደሚይዘው ነገረችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ንዴት አልነበረም፣ ርቀት ነበር። ይገባኛል።

ወደ ላብራቶሪው ተመለስኩ። ሦስት ሰዓት ሆኗል። አንደኛው ቱቦ፣ ይርመሰመሳሉ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ እስከ ስምንተኛው ይርመሰመሳሉ። ዘጠነኛው ላይ ዝም ብሏል። ቀለም ጨመርኩ። ሰማያዊ። ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ።

የዘጠነኛዋን ፕሌት ክዳን ገልጬ አሸተትኩ። ጣፈጥ ይላል።

በአጠገቤ ሰው አልነበረም። ከዚያ ስልኩን አወጣሁ። ስሞቹን ሳላመላልስ በቀጥታ ደወልኩ።

ጋሽ ቦጂያ አነሱት። ከኋላቸው ያቺ ትንሿ ሬዲዮ ትሰማለች። ስለ ደብዳቤው ነገርኳቸው፣ ይቅርታም ጠየቅኳቸው፤ ተዘበራረቀብኝ። ዘጠነኛውን ቱቦ ስነግራቸው ሬዲዮውን ዘጉት።

«እሺ» አሉ። «እንግዲህ ያን ቀን የጠየቅኩሽን አሁን መልሺልኝ። የማን ነበረች?»

«የአባቴ» አልኳቸው።

«እንደሱ ብለሽ ጻፊባት» አሉኝ። «ሐሙስ በዓል ነው፣ አርብ እመጣለሁ።»